ግልባጩ ያልደረሰው ጆሮ

መጀመሪያ የሰማሁት ከማናፈሻው ውስጥ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ መሃል፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ መኪና አይገባም፣ አይወጣም፤ አየር የሚስበው ትልቁ ማናፈሻ ብቻ «ሁ» እያለ ያድራል። ከዚያ «ሁ» መሃል አንድ ሰው በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ፣ «አሁን ተነሳ» አለ። እውነቱን ነው፣ ተነስቼ ነበር። «አሁን ቁልፉን አነሳ።» አንስቼ ነበር። የደንበኛውን ቁልፍ እንደጨበጥኩ ዓምዶቹን እየዞርኩ ፈለግኩት፤ መኪኖቹ ሥር አጎንብሼ አየሁ። ማንም የለም። ወደ መስታወቷ ክፍሌ ተመልሼ ስቀመጥ «ተቀመጠ» አለ።

ጊዜው ጥር 2017 ነው፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከደብረ ብርሃን በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፣ ዕድሜዬ ሃያ አምስት። ዛሬ የሕመሜ ስም ስኪዞፍሬኒያ እንደሆነ አውቃለሁ። መድኃኒት ላይ ነኝ፣ እሠራለሁ፣ ኪራዬን እከፍላለሁ፣ ድምፁም አልፎ አልፎ ይመጣል። ስሜን የማልጽፈው እናቴ «ጎረቤት እንዳይሰማ» ብላ ስለለመነችኝ ብቻ ነው። ያኔ ድምፅ የሚሰማ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። አሁን ከኔ ኋላ የሚመጣው እንዳያጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነበር። ከወር በኋላ ሁለት ሆኑ፣ ወንድና ሴት። እኔን አያናግሩኝም፤ ስለኔ ነው እርስ በርስ የሚያወሩት፣ እንደ ቡና ወሬ። «ይሄ ልጅ እንኳን አልሆነለትም።» «እናቱ ብታየው!» ከሁሉ የከበደኝ ስድቡ አይደለም፤ የኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፉ ይመስል የማደርገውን ሁሉ እየተከተሉ መናገራቸው ነው፣ ሽንት ቤት ስገባ ሳይቀር። የሥራ ባልደረቦቼ የሆነ ቦታ ድምፅ ማጉያ የደበቁ መሰለኝ። ቀጥሎ በመሬት የተጣላን አጎቴ አገር ቤት ሆኖ መተት ያሠራብኝ መሰለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ምሳ ስታቀርብልኝ እያሸተትኩ እመልስላት ነበር። እሷ ታለቅሳለች፤ እነሱ «አሁን አስለቀሳት» ይላሉ።

የካቲት ላይ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። «ጆሮዬ ላይ ይናገሩብኛል፣ ሌሊት ሌሊት ይብሳል» አልኩ። በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ ምን ብሎ እንደተረጎመው እስካሁን አላውቅም፤ ሐኪሙ ግን ጆሮዬን በመብራት አይቶ የመስማት ምርመራ አዘዘልኝ። ጥሩ ወጣ። የአክስቴ ልጅ «ተመስገን፣ ምንም የለብህም» ብላ እዚያው አቀፈችኝ። ሦስት ወር እንዲህ ባከነ።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቃሉን አስተካክላችሁ ያዙ፦ «ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሚሉትን ለይቼ እሰማለሁ፤ ስለኔ ያወራሉ።» ከቻላችሁ ያሉትን ቃል በቃል በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። «እንዲህ አድርግ» ብለው የሚያዙ ከሆነ፣ በተለይ ራሳችሁን ወይም ሰውን እንድትጎዱ ካዘዙ፣ እሱን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ በሩ ላይ ደርሳችሁ አታንጠባጥቡት። አሜሪካ ላላችሁ፦ ካልተግባባችሁ ሌላ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣም፤ ነገሩ ካስፈራችሁ ደግሞ 988 የሚባለው የአእምሮ ጭንቀት መርጃ ስልክ ሌት ተቀን ይደወላል።

ቀጥሎ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት ጆርጂያ አቬኑን በባዶ እግሬ ስሄድ ፖሊስ አገኘኝ። ድንገተኛ ክፍል አደርኩ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ሪስፐሪዶን የሚባል እንክብል እየዋጥኩ ወጣሁ። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ድምፆቹ ራቁ፤ አልጠፉም፣ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ2019 ክትትል የማደርግበት ቦታ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፦ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፣ ለሰዓቱ ይከፍላሉ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያየሁት ክፍያውን ነው። የአክስቴ ልጅ ግን «ጭንቅላትህን ለነጭ ልትሸጥ ነው?» አለች። ሐኪሜን ጠየቅኳት፤ የፈቃድ ወረቀቱን አብራኝ መስመር በመስመር አነበበችው። በፈለግኩ ሰዓት ትቼ መውጣት እንደምችል፣ ብተውም ሕክምናዬ ላይ ምንም እንደማይነካ ተጽፏል። ያቺን መስመር ለአክስቴ ልጅ አሳየኋት፤ ዝም አለች።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቀላል ነበር። የዋናተኛ የሚመስል ቆብ አጠለቁልኝ፣ በየቀዳዳው ቀዝቃዛ ጄል ጨመሩ። ከዚያ ማይክ ፊት «አ» በል ተባልኩ። «አ።» ትንሽ ቆይቼ «አ።» ፊደል ቆጠራ ተመልሼ የገባሁ መሰለኝ፣ ልምጭ ብቻ ነው የጎደለው። ሲጨርሱ እነዚያኑ «አ»ዎች በጆሮ ማዳመጫ መልሰው አሰሙኝ። ይኸው ነው። ይህ ምን ጥናት ይባላል ብዬ ሳቅኩ፤ ከተመራማሪዎቹ አንዷ ልጅ ግን ጄሉን እየጠራረገችልኝ ምን እንደለካች ስትነግረኝ ሳቄ ቆመ።

ለናንተ በሷ ሳይሆን በአባቴ ቋንቋ ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ነው የሠራው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምታውቁ ሰዎች ግርጌው ላይ ሁልጊዜ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፦ ግልባጭ። «ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል።» ለምን? ሂሳብ ክፍሉ ነገሩ ሲመጣበት «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ እንዳይደናገጥ። አንጎልም እንዲሁ ያደርጋል። ልትናገሩ ስትሉ፣ ቃሉን የሚያዘጋጀው የፊተኛው ክፍል ለአፍ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ግልባጩን ጆሮ ግንድ አካባቢ ላለው የመስማት ክፍል ይልካል፦ «አሁን የምትሰማው የራሳችን ነው።» የመስማት ክፍሉም ግልባጩ ስለደረሰው ድምፁን ቀለል አድርጎ ያልፈዋል። ራሳችሁን ኮርኩራችሁ መሳቅ የማትችሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጃችሁ ገና ሳይደርስ ግልባጩ ደርሷል።

ቆቡ የለካው ይህንን ነው። ብዙ ሰው «አ» ሲል፣ ድምፁ ከወጣ በኋላ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ላይ የመስማት ክፍሉ የሚሰጠው ምላሽ፣ ያንኑ «አ» ከቅጂ ሲሰማ ከሚሰጠው ያንሳል። ስኪዞፍሬኒያ ያለብን ሰዎች ላይ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ካሊፎርኒያ የሚሠሩት ጁዲት ፎርድና ዳንኤል ማታሎን ይህን ካሳዩ ሃያ ዓመት አልፏል፣ ሌሎችም ደጋግመው አግኝተውታል። ግልባጩ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይ ደብዝዞ ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። ያን ጊዜ መዝገብ ቤቱ ምን ያደርጋል? አባቴ ቢሆን የሚያደርገውን ነው። «ከውጭ የመጣ» ብሎ ማህተም ይመታበታል።

ሰው ሁሉ በሆዱ ያወራል። «ቁልፉን የት አደረግኩት፣ አሃ፣ ይኸው» እያለ ይውላል። የኔ የሆድ ወሬ ነበር እንግዲህ ማናፈሻው ውስጥ ገብቶ «አሁን ቁልፉን አነሳ» ያለኝ።

ይህ ሁሉንም ነገር ያብራራል አልላችሁም። ለምን የሴት ድምፅ ይሆናል? ለምን ይሳደባል? እዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ያላቸው ተመራማሪዎች አሉ፤ አንጎል የሚጠብቀውን ነገር ከሚሰማው በላይ ያምናል ይላሉ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ያሉት አልበርት ፓወርስና ፊሊፕ ኮርሌት በ2017 ያሳተሙት ሥራ አለ። አንድ ምስልና አንድ ቀጭን ቃና ደጋግመው አብረው ያቀርባሉ፣ ከዚያ ቃናውን ዝም ብለው ይቀንሱታል፣ ያጠፉታልም። ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ቃናው በሌለበት «ሰማሁ» ማለታቸው ከሌላው በብዙ ይበልጣል። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ ያው ማናፈሻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትርጉም የሌለው «ሁ» ስትሰማ፣ ጭንቅላትህም ሰው ሲጠብቅ፣ ከ«ሁ» ውስጥ ሰው ይወጣል። ሁለቱ ሐሳቦች ደግሞ የሚጣሉ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቀን ማሽኑ ነበር፣ ኤም አር አይ፣ በማግኔት የአንጎልን ሥዕል የሚያነሳው። ብረት የተባለ ሁሉ ይወልቃል፤ ማተቤ ላይ ያለው መስቀል ሳይቀር። ተከራከርኩ። ባለሙያው ክሩ ችግር የለውም፣ ብረቱ ብቻ ነው አለኝ፤ መስቀሉን አውጥቼ ክሩን መልሼ አሰርኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የእንጨት መስቀል አድርጌ ሄድኩ፣ ያለ ክርክር ገባሁ። ጆሮዬ ውስጥ ቡሽ ከተቱ፣ ፊቴ ላይ የራስ ቁር የሚመስል ነገር ገጠሙ፣ ከጨነቀኝ የምጨምቀው የጎማ ኳስ በግራ እጄ አስያዙኝ። ማሽኑ ሲነሳ ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ ሲወርድ ነው። የሚያማችሁ ሰዎች እንድታውቁት፦ አያምም፣ ግን ይጠባል፣ ይጮሃል። ኳሱን ጨምቃችሁ መውጣት ነውር አይደለም።

መጀመሪያ ምንም ሳልሠራ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት እያየሁ እንድተኛ ተነገረኝ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ። ቀጥሎ በቀኝ እጄ ቁልፍ ሰጡኝ፦ ድምፅ ሲጀምር ተጫን፣ ሲያቆም ልቀቅ። ያን ቀን እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወይ እንደ ጥፋት፣ መጡ። «አሁን ሬሳ ሣጥን ገባ» አለች ሴትዮዋ። ተጫንኩ። «አሁን ቁልፉን ተጫነ» አለ ሰውዬው። እሱም ድምፅ ነው፣ ስለዚህ እንደተጫንኩ ቀረሁ። «አሁንም አለቀቀም።» እንዴት ልልቀቅ! ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሜ ሳቅ አፈነኝ፤ ባለሙያው በድምፅ ማጉያ «እባክህ አትነቃነቅ» አለኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ሲያስለቅሱኝ ኖረው ያሳቁኝ ያኔ ነው፣ መጀመሪያ ጊዜ።

እነዚያ ሥዕሎች ምን ያሳያሉ? ልጅቷን ጠይቄያት ነበር፤ ሽቦ አይታይም፣ አለች። የሚታየው ደም ነው፣ የሚሠራ የአንጎል ክፍል ወደሱ የሚሄደው ደም መጠኑ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው፦ ማታ ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ሰፈሩን ስታዩ፣ የሁለት ቤት መብራት አብሮ ደከም፣ አብሮ ቦግ ካለ፣ ባንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ትጠረጥራላችሁ፣ ምሰሶውን ባታዩትም። ከእነዚያ አንዱ ሲደክም ሌላው ደንታ ከሌለው መስመራቸው ለየቅል ነው። «ግንኙነት» የሚሉት በብዛቱ ይህን አብሮ መብራትና አብሮ መድከም ነው። ሽቦውን ራሱን ለማየት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ውኃ በነርቭ ዘለላ ውስጥ ወደየት አቅጣጫ እንደሚሰርግ ይለካሉ። ከፊተኛው የመናገሪያ ክፍል ወደ መስሚያው የሚሄድ፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ወፍራም ዘለላ አለ፤ ብዙ የተጠናው እሱ ነው።

ሕመሙ የግንኙነት ችግር ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። ኦይገን ብሎይለር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም በ1908 «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም ሲያወጣ የተከፋፈለ አእምሮ ማለቱ ነበር። ሁለት ሰው መሆን ማለቱ አልነበረም፤ ይህን ስህተት የተማረውም ይደግመዋል፣ ያናድደኛል። ሐሳብና ስሜት የሚያያዙበት ነገር ላላ ማለቱ ነው። በ1995 ደግሞ ካርል ፍሪስተንና ክሪስ ፍሪዝ፣ ችግሩ አንድ የአንጎል ክፍል መበላሸቱ ሳይሆን ክፍሎቹ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው «ተቆርጧል» በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። አንዳንድ መስመር ይላላል፣ አንዳንዱ ከልክ በላይ ይጠብቃል። ለምሳሌ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው መሃል ላይ ያለው ታላመስ፣ ከፊተኛው አመዛዛኝ ክፍል ጋር ያለው ትስስር ይቀንሳል፣ ከመስሚያና ከመዳሰሻ ክፍሎች ጋር ያለው ደግሞ ይጨምራል፤ ይህ በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ያ የቀስት ዘለላ ግን ነገሩ ድብልቅልቅ ነው። በ2004 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ድምፅ የሚሰሙት ላይ ጠንክሮ አገኘው፣ ሌሎች ደግሞ ላልቶ አግኝተውታል።

ለኔ ከሁሉ የበለጠው ግን ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። በ1999 ዲርክስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሦስት ሰዎችን ብቻ እንደኔ ማሽን ውስጥ አስገብተው ቁልፍ አስጫኗቸው። ድምፅ በመጣባቸው ሰዓት፣ ከውጭ ድምፅ ስንሰማ የሚሠራው የመጀመሪያው የመስሚያ ክፍል ራሱ በርቶ ተገኘ። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ሁሉም አንድ ነገር አላሉም። ይሁን። ለኔ ግን፣ «ዝም ብለህ ነው፣ ማንም የለም፣ ተወው» ሲባል ሁለት ዓመት ለኖረ ሰው፣ ያቺ አንዲት ወረቀት ምስክር ናት። አልዋሸሁም። ሰምቻለሁ። አስታማሚዎች ይህችን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል፦ «የለም» አትበሉት። «እኔ አይሰማኝም፣ አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ» በሉት።

ሲያልቅ «የኔን አሳዪኝ» አልኳት። ስክሪኑ ላይ ግራጫ፣ የተሸበሸበ ነገር መጣ። እንደማንኛውም ሰው ነው? አልኳት። «ያንተን ብቻ አይቼ ሕመም እንዳለብህ መናገር አልችልም» አለች። ይህ ሁሉ የሚታየው የብዙ ሰው ተደምሮ፣ ከሌላ ብዙ ሰው ጋር ሲነጻጸር ነው።

ይህን በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦች ሲከስሩ አይቻለሁ። «ጭንቅላቱን በማሽን ይታይና ይታወቅ» ተብሎ ተበድረው፣ ከውጭ አስልከው ያስነሳሉ፤ ውጤቱ «ጤነኛ» ብሎ ሲመጣ መድኃኒቱን ያስጥሉታል። ሐኪም ዕጢ ወይም የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት አንድ ጊዜ ሊያዝዝ ይችላል፤ ካዘዘ ይነሳ። ስኪዞፍሬኒያ ግን በፎቶ አይታወቅም፤ ተቀምጦ በመነጋገር ነው የሚታወቀው። ቡታጅራ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ትልቁ ጥናት 68,378 ሰው ያየው ቤት ለቤት በጥያቄ ነው፣ አንድም ማሽን ሳይኖረው፤ ከ1,000 ሰው 4.7ቱ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም እንዳገኛቸው የታወቀው በዚያ ነው። በየቀበሌው አለን ማለት ነው፣ መተት ካሠሩብንም ካላሠሩብንም።

መድኃኒት። ስለዚህ ረጅም አልጽፍም፣ ምክንያቱም የየሰው ይለያያል። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ወር ዋጥኩ፣ ደህና ሆንኩ፣ ደህና ከሆንኩ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት። ሰባት ሳምንት ቆዩና ተመለሱ፣ ሁለቱም፣ ተናደው። በ2012 የታተመ 65 ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ እንዳለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው መድኃኒት ከቀጠሉት ውስጥ 27 ከመቶ፣ ካቆሙት ውስጥ 64 ከመቶ ናቸው። አሁን በወር አንዴ መርፌ ነው የምወጋው፤ የዋጥኩ ያልዋጥኩ ጭቅጭቅ ከቤታችን ወጣ። አሥራ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ማታ ማታ የሚርበኝ ረሃብ ጤነኛ ረሃብ አይደለም። ሰውነት የሚያደርቅ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነባችሁ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ንገሩ፣ መጠኑ ይስተካከላል፣ ይቀየራል። ጫትና ሐሺሽ ግን እኔ አላደራድርም። አንድ ባልደረባዬ «ያረጋጋሃል» ብሎ አንዴ ያስጨሰኝ ለሦስት ቀን እንቅልፍ አሳጣኝ።

ከማሽኑ ያተረፍኩት ሌላ ነው፤ አፌን ሥራ ማስያዝ። ድምፁ የራሴ የሆድ ወሬ ከሆነ፣ አፌና ጉሮሮዬ ሲያዙበት ምን ይሆናል? ሰዎች ይህን ከኔ በፊት አስበውታል። በ1940ዎቹ ጉልድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ድምፅ የምትሰማ ታማሚ በጣም በቀስታ ስታንሾካሹክ በማጉያ ሰምቶ፣ የምትለው ድምፆቹ «አሉ» ከምትለው ጋር ሲገጥም አግኝቷል። በ1987 ደግሞ ቢክና ኪንስቡርን ታማሚዎቻቸውን አፋቸውን በሰፊው እንዲከፍቱ ሲያደርጓቸው አብዛኞቹ ድምፁ ጋብ አለልን አሉ። አውቶቡስ ውስጥ አፍ ከፍቶ መቀመጥ ስለማይቻል እኔ አንጎራጉራለሁ። እናቴ በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ስትደግም ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ እኔ ድምፄን አውጥቼ ነው የምደግመው። በልብ ማንበብ አይሠራልኝም፣ እንዲያውም ያነቡልኛል። ድምፅ አውጥቼ ሳነብ ግን ሦስት አራት መዝሙር ሳልዘልቅ ይደክማሉ። ሁልጊዜ አይደለም። ከአሥር ስድስቱን ያህል።

መንገድ ላይ ሲመጡ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በአማርኛ እመልስላቸዋለሁ፤ ዲሲ ውስጥ በስልክ በአማርኛ የሚጨቃጨቅ ሰው ማንም ዞሮ አያየውም። አንዱን ጆሮ በቡሽ መዝጋት የሚረዳቸው ሰዎች አሉ፣ እኔን አልረዳኝም። ማናፈሻ ያለበት ቦታ ሥራ ትቻለሁ፤ አሁን የቀን ተረኛ ነኝ፣ መንገድ ዳር፣ የሰው ጫጫታ ያለበት።

በ2022 አገር ቤት ስሄድ እናቴ ጠበል ልትወስደኝ አስቀድማ ጨርሳለች። ሄድኩ። መርፌዬን ከመሳፈሬ በፊት ወግቼ፣ ተጨማሪ እንክብል በኪሴ ይዤ። ለሚያጠምቁት አባት ስነግራቸው «እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ እንዳትተው» አሉኝ፤ እንደዚህ የማይሉ እንዳሉም አውቃለሁ፣ እዚያው ግቢ በሰንሰለት የታሰረ ልጅ አይቻለሁና። ጠበል የምትወስዱት ዘመድ ካላችሁ ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ግን አብራችሁ ያዙ፣ እግሩንም አትሰሩት።

እናቴ ያኔ ነበር ማንም ሐኪም ያልጠየቀኝን የጠየቀችኝ። ሐኪሞቹ «በቀን ስንት ጊዜ ይሰማሃል?» ነው የሚሉት። እሷ «ምን ምን ይሉሃል?» አለች፣ ሽሮ እያማሰለች። ነገርኳት። «ስድ ናቸው እንዴ? እና ዝም ትላቸዋለህ?» ታንያ ሉርማን የምትባል የስታንፎርድ አንትሮፖሎጂስት ካሊፎርኒያ፣ የጋናዋ አክራና የሕንዷ ቼናይ ከተማ ሃያ ሃያ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎችን አነጋግራ ነበር፤ አሜሪካኖቹ ድምፁን እንደ ጥቃት ሲያዩት፣ በሌሎቹ ከተሞች ብዙዎቹ እንደ ዘመድ ወይም እንደ አምላክ ያወሩታል፣ ይመክራቸዋል፣ ይቆጣቸዋል። የኔዎቹ ዘመድ አልሆኑም። ከእናቴ ጋር ስለነሱ ማውራት ከጀመርን ወዲህ ግን ሰውዬው ስድብ ቀንሷል፤ ሴትዮዋ ከወር ሁለት ጊዜ በላይ አትመጣም። መርፌው ይሁን፣ ዳዊቱ ይሁን፣ እናቴ ትሁን፣ ለይቼ አላውቅም፤ አንዱንም ለመለየት ብዬ አልተውም።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ባለፈው እሑድ ስለ አክስቴ ጉልበት፣ ስለ ዘይት ዋጋ ካወራን በኋላ እንደ ልማዷ «እነዚያስ፣ ዛሬ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ጠዋት ላይ ሰውዬው መጥቶ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ዝናቡ ጀመረ አለ።»

«እና ዘነበ?»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አስፋልቱ ገና እርጥብ ነበር።

«ዘንቧል» አልኳት።